ሁለቱም ሞዴሎቼ ከጉድጓዶቹ ጋር ይስማማሉ፤ የትኛውን ልመን?

የኪቶ ተማሪ — ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ጅማ የምገኝ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአንድ አነስተኛ ተፋሰስን የከርሰ ምድር ውኃ በኮምፒውተር ሞዴል ለማሳየት እየሠራሁ ነው። ተፋሰሱ ከከተማዋ ዳርቻ ካለ ኮረብታ ተነሥቶ ወደ ቦዬ ረግረግ የሚወርድ ሲሆን ስፋቱ 18 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የምጠቀመው የከርሰ ምድር ውኃን ፍሰት የሚያሰላውን ፕሮግራም ሞድፍሎው 6ን ነው፤ ግብዓቱን የማዘጋጀው ሞዴልሚዩዝ በተባለ ረዳት ፕሮግራም ነው። ሁለቱም ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በነፃ የሚወርዱ በመሆናቸው ለተማሪ ኪስ ይስማማሉ።

መሬቱን በሦስት ንብርብር ከፍዬዋለሁ። ላይኛው ቀይ አፈርና የበሰበሰ ድንጋይ፣ መካከለኛው የተሰነጣጠቀ ባዛልት፣ ታችኛው ስንጥቅ እምብዛም የሌለበት ጠጣር ባዛልት ነው። ሞዴሉ መሬቱን የሚከፋፍልበት እያንዳንዱ ሴል (ትንሽ ክፍል) 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው። ሞዴሉ የዓመቱን አማካይ ሁኔታ ብቻ ያሳያል እንጂ ወር ከወር አይለይም። የውኃ ከፍታቸውን ያገኘሁላቸው ጉድጓዶች 14 ናቸው።

በመጀመሪያ ከዝናቡ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገውን ውኃ በዓመት 120 ሚሊ ሜትር፣ የመካከለኛውን ንብርብር ሃይድሮሊክ ኮንዳክቲቪቲ (ውኃ የማሳለፍ አቅም) በቀን 0.8 ሜትር አድርጌ ሳስኬድ፣ ሞዴሉ ያወጣውና በጉድጓዶቹ የተለካው ከፍታ በአማካይ በ2.3 ሜትር ብቻ ተለያዩ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። አማካሪዬ «ስርገቱ እጥፍ ቢሆንስ?» ብለው ጠየቁኝ። ስርገቱን 240 ሚሊ ሜትር፣ የሦስቱንም ንብርብሮች ኮንዳክቲቪቲ እጥፍ አድርጌ ባስኬደው፣ የ14ቱም ጉድጓዶች ከፍታ ከፊተኛው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ተለየ፤ አማካይ ስሕተቱም ያው 2.3 ሜትር ሆነ።

ሁለት ቀን ሙሉ የግብዓት ፋይሎቹን ሳገላብጥ ቆየሁ፤ ያጠፋሁት ነገር አላገኘሁም። ፕሮግራሙ ተሳስቶ ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ? ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ስለምታገኝ፣ 120ውም 240ውም የማይመስል ቁጥር አይደለም።

አሮጌ ባዛልት — ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ አንተም አላጠፋህም። ብዙዎች ዲግሪያቸውን ይዘው ከወጡ ከዓመታት በኋላ የሚደርሱበትን ነገር አማካሪህ በአንድ ጥያቄ አሳይተውሃል፤ አመስግናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው ሙከራ ነው። በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ መጠን ከከፍታው ልዩነት ጋር በቀጥታ እንደሚጨምር፣ ከቱቦው ርዝመት ጋር ደግሞ በተቃራኒው እንደሚቀንስ ለካ። ሞድፍሎውም ይህንኑ ሕግ በእያንዳንዱ ሴል ስድስት ፊት ላይ ይጽፋል፤ ወደ ሴሉ የገባው ከወጣው ጋር እኩል እንዲሆን ያስገድዳል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን እኩልታዎችም በአንድነት ይፈታል። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

አሁን ሞዴሉን ለጊዜው ተወውና በወረቀት አስላው። ሁለት ወንዞች በ2,000 ሜትር ተራርቀው ትይዩ ይፈስሳሉ እንበል፤ በመካከላቸው የሚሰርገው ውኃ እኩል ወደ ሁለቱም ይወርዳል። መሐል ላይ ያለው የውኃ ወለል ከወንዞቹ የሚበልጥበት ከፍታ፣ ስርገቱ በርቀቱ ካሬ ተባዝቶ ለትራንስሚሲቪቲው ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ትራንስሚሲቪቲ ማለት ኮንዳክቲቪቲው በውኃ አዘሉ ንብርብር ውፍረት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስርገቱ 120 ሚሊ ሜትር በዓመት፣ ማለትም በቀን 0.00033 ሜትር ገደማ፣ ትራንስሚሲቪቲው በቀን 20 ካሬ ሜትር ቢሆን 8.2 ሜትር ይወጣል። ስርገቱን 240፣ ትራንስሚሲቪቲውን 40 አድርገው፤ ያው 8.2 ሜትር ነው። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ስለሆኑ ይጣፋሉ። የውኃ ከፍታ የሚነግርህ የሁለቱን ጥምርታ ብቻ ነው እንጂ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ አይደለም። አንተ ያየኸው የጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነትም የመጣው የወንዙን ወለል የማሳለፍ አቅም እጥፍ ስላላደረግኸው ሳይሆን አይቀርም፤ እሱንም እጥፍ ብታደርገውና ፓምፕ ባይኖርበት ልዩነቱ ፈጽሞ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ 14 ጉድጓድ ይቅርና 140 ቢኖርህም ከፍታ ብቻ ከለካህ ይህን ጥያቄ አትመልሰውም። የሚያስፈልግህ ከፍታ ያልሆነ አንድ መለኪያ ነው፤ እሱም ፍሰት ነው። 18 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 120 ሚሊ ሜትር ቢሰርግ በዓመት 2,160,000 ሜትር ኪዩብ፣ ማለትም በሰከንድ 68 ሊትር ተኩል ገደማ ሆኖ አንድ ቦታ መውጣት አለበት። 240 ከሆነ 137 ሊትር ነው። በሰከንድ 68 እና 137 ሊትር የሚፈስስ ወንዝ በዓይንም ይለያል። ሶፍትዌሩን ዘግተህ ቦት ጫማህን አድርግና ወንዙ ወደ ረግረጉ ከመግባቱ በፊት ለካው።

የወረዳ ውኃ — ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውይይቱን በጥሞና ተከታትያለሁ፤ ምሁራኑን አከብራለሁ። ሆኖም የምንሠራው ከሕዝብ ጋር ነውና በግልጽ ልጠይቅ። እኛ ውኃ መኖሩን የምናውቀው ቆፍረን ነው። ለአንድ ጥልቅ ጉድጓድ የሚመደበው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ሞዴሉ እዚህ ቆፍር፣ እዚያ አትቆፍር ካላለኝ ለእኔ ምን ይረባኛል?

የሪጉ ሰው — ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳው ወንድማችን እኔ ልመልስ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመቆፈሪያ ማሽን (ሪግ) ላይ ነውና። ሞዴል የመቆፈሪያ ነጥብ አይመርጥም። የኛ አገር ባዛልት በተለያየ ጊዜ ፈስሶ የተደራረበ ነው፤ ውኃው የሚገኘው ከሁለት ፍሰቶች መጋጠሚያ፣ ከተሰነጣጠቀው ክፍል፣ ወይም ከበሰበሰው ሥር ነው። በመካከሉ ደግሞ ከዚያኛው ፍሰት በፊት አፈር የነበረ፣ በትኩሱ ላቫ የተጠበሰ ቀይ ሸክላ ያጋጥመናል፤ እሱ ውኃ አያሳልፍም። በ60 ሜትር ርቀት ሁለት ጉድጓድ ቆፍሬ አንዱ ሞልቶ ሲወጣ ሌላው አቧራ ሲተፋ አይቻለሁ። 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ ሴል ይህን ሊያይ አይችልም፤ ስንጥቁንም ጠጣሩንም ደባልቆ አንድ ዓይነት ድንጋይ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ግን ሞዴል ሌላ ጥቅም አለው። ቆፍረን ውኃ ካገኘን በኋላ ስንት ዓመት ይሰጣል፣ ከታች ያለውን ምንጭ ያደርቀዋል ወይ የሚለውን ሪጉ አይመልስም። እኔ የፓምፕ ሙከራውን ለ24 ሰዓት ወይም ለ72 ሰዓት አድርጌ እሄዳለሁ፤ ከ10 ዓመት በኋላ የሚሆነውን አላይም።

ለተማሪው አንድ ጥያቄ አለኝ። የ14ቱ ጉድጓዶች ወንፊት ቧንቧ (ውኃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው ቧንቧ) የተቀመጠው የትኛው ንብርብር ላይ ነው? አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ባገኘንበት ሁሉ ወንፊት እናስገባለን። እንደዚያ ከሆነ በጉድጓዱ ውስጥ የቆመው ውኃ የሁለት ወይም የሦስት ንብርብር ድብልቅ ነው፤ አንተ ግን የመካከለኛው ብቻ ብለህ ከሆነ ያስገባኸው፣ ሞዴሉ የሚታረመው በሌለ ነገር ነው።

የኪቶ ተማሪ — ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሮጌ ባዛልት ያለኝን ምስጋና በቃል መግለጽ ያዳግተኛል፤ ጋሼ፣ በወረቀት ያሳዩኝን ስሌት ለአማካሪዬ አሳይቻቸው ፈገግ ብለው ብቻ ዝም አሉ።

ለሪጉ ሰው፣ የወንፊቱን ቦታ ያገኘሁት ለዘጠኙ ብቻ ነው፤ አምስቱ የእጅ ጉድጓዶች ስለሆኑ ላይኛው ንብርብር ውስጥ ናቸው። ከዘጠኙ አራቱ በእርግጥ ሁለት ንብርብር ያቋርጣሉ። ሞድፍሎው 6 ብዙ ንብርብር የሚነካን ጉድጓድ ለብቻው የሚያሰላበት ክፍል ስላለው ወደዚያ አዛውራቸዋለሁ።

የጉድጓዶቹን አፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታ የወሰድኩት ከስልኬ ጂፒኤስ ነው። ችግር ይኖረው ይሆን?

አሮጌ ባዛልት — ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይኖረዋል እንጂ! የስልክ ጂፒኤስ በአግድም ጥቂት ሜትር ቢስት ምንም አይደለም፤ ከፍታ ላይ ግን 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። የውኃው ከፍታ ማለት የጉድጓዱ አፍ ከፍታ ሲቀነስ እስከ ውኃው ያለው ጥልቀት ነው። ጥልቀቱን በዲፕ ሜትር (ውኃው ድረስ በሚወርድ መለኪያ ገመድ) እስከ ሳንቲ ሜትር ለክተህ ከ10 ሜትር ስሕተት ጋር ስትደምረው ያገኘኸው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ልኬትህ ራሱ በ5 እና በ10 ሜትር እየተሳሳተ ሞዴልህ በ2.3 ሜትር ከተስማማለት፣ ሞዴልህ የተማረው ውኃውን ሳይሆን የስልክህን ስሕተት ነው። ከልኬቱ ስሕተት ያነሰ ልዩነት መገኘቱ የሚያስደስት ሳይሆን የሚያስጠረጥር ነው። ጓደኞችህ ከሲቪል ምሕንድስና ክፍል ሌቭል (የከፍታ ልዩነት መለኪያ መሣሪያ) ይዋሱልህ፤ ከታወቀ የከፍታ ምልክት ተነሥታችሁ ቢያንስ ለወንዙ ቅርብ የሆኑትን ስድስትና ሰባት ጉድጓድ አገናኟቸው። ሁለት ቀን ይፈጃል። ከስልኩ እጅግ በተሻለ ትክክል የሚለካ ዲፈረንሻል ጂፒኤስ ካገኛችሁ ደግሞ ከዚያም ይቀልላል።

የመስክ ማስታወሻ — ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በዚህ ርዕስ ላይ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ገባሁ። የጉድጓድ መረጃ በማሰባሰብ ሥራ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ፤ ሞዴል የሚሠሩ ወንድሞቼ መረጃውን እንደ ቅዱስ ጽሑፍ ሲቀበሉት ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት በተሰጠኝ የጉድጓድ ማጠናቀቂያ ሪፖርት ላይ «5/12/2009» የሚል ቀን ነበረ። ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ታኅሣሥ መግቢያ አድርጎ ቆጠረው፤ ስለዚህም የበጋ ልኬት ተባለ። በእኛ አቆጣጠር ግን ነሐሴ 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 መሆኑ ነው፤ የክረምቱ ጫፍ። ልዩነቱ ወደ ስምንት ዓመት ብቻ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ወቅቱም ተገለበጠ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በፓምፕ ሙከራ ወረቀት ላይ 3 ሰዓት ሲል የጠዋቱ ነው ወይስ ሌላ ብሎ ያልጠየቀ ሰው የውኃው መውረድ በሌሊት የተጀመረ ይመስለዋል።

ተማሪው ሊያጣራው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በእጅ ፓምፕ ላይ የውኃውን ከፍታ በረፋድ የለካ ሰው የለካው ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ሲቀዳ የወረደውን ነው። ያረፈውን ከፍታ የሚፈልግ ሰው ጀሪካኖቹ ከመሰለፋቸው በፊት መድረስ አለበት።

ከአሮጌ ባዛልት ጋር ደግሞ በአንድ ነጥብ ላይ በአክብሮት እለያለሁ። ጋሼ፣ በሰከንድ 68 ሊትር ያሉት የዓመቱ አማካይ ነው። ተማሪው ጥር ላይ ወርዶ ቢለካ የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ከዝናቡ በኋላ የከርሰ ምድሩ ክምችት ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። 40 ሊትር ለክቶ ስርገቱ 70 ሚሊ ሜትር ነው ቢል ይሳሳታል።

አሮጌ ባዛልት — ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ትክክል ነሽ፤ ቸኩዬ ነው። አርማለሁ።

እንዲያውም ያነሣሽው ነገር መንገዱን ይከፍተዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ ካቆመ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ አራት ጊዜ ይለካ። ፍሰቱ የሚቀንስበት ፍጥነት ትራንስሚሲቪቲው ውኃ አዘሉ ድንጋይ ከሚያጠራቅመው ጋር ያለውን ጥምርታ ይነግረናል፤ የጉድጓዶቹ ከፍታ የስርገቱንና የትራንስሚሲቪቲውን ጥምርታ ይሰጣል፤ የፍሰቱ መጠን ደግሞ ስርገቱን ራሱን ያስራል። ሦስት ያልታወቁ፣ ሦስት መረጃ። ሞዴሉም ወር በወር የሚሄድ መሆን አለበት፤ የዓመቱ አማካይ ሞዴል ይህን ሊሸከም አይችልም።

ፓይተን ወዳድ — ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምን ይህን ያህል ድካም? ሞዴሉን በፍሎፓይ (ሞድፍሎውን በፓይተን ቋንቋ በሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) አስነሥታችሁ የሞዴሉን ቁጥሮች ከልኬት ጋር የሚያስማማውን ፕሮግራም ፔስትን ብታገናኙት ኮምፒውተሩ ራሱ በሺህ የሚቆጠሩ ሙከራዎችን አድርጎ የተሻለውን ቁጥር ይሰጣችኋል። እኔ ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጣሁ ስለሆንኩ የውኃው ነገር ብዙም አይገባኝም፤ ግን ማመቻቸት ማለት ይኸው ይመስለኛል።

አሮጌ ባዛልት — ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፔስት እጅግ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ከፍታ ብቻ ከሰጠኸው፣ በሸለቆ ወለል ላይ እንደተለቀቀ ኳስ ነው፤ ከሸለቆው የትኛው ጫፍ ላይ እንደሚቆም የሚወስነው የተለቀቀበት ቦታ ነው እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ደግነቱ ፔስት ይህን አይደብቅም፤ በውጤቱ ፋይል ላይ የሁለቱ ግቤቶች (የስርገቱና የኮንዳክቲቪቲው) ዝምድና ወደ 1 ተጠግቶ ይታያል። ችግሩ ያንን ገጽ የሚያነበው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ክሎራይድ — ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስርገቱን ከሞዴሉ ውጪ ለመገመት ርካሽ መንገድ አለ። ዝናብ ጥቂት ክሎራይድ ይዞ ይወርዳል፤ ውኃው በትነትና በተክሎች በኩል ሲሄድ ክሎራይዱ ግን በመሬት ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የዝናቡን መጠን በዝናቡ ክሎራይድ አባዝቶ ለከርሰ ምድር ውኃው ክሎራይድ ማካፈል ስርገቱን ይሰጣል። ለምሳሌ ዝናቡ 1,500 ሚሊ ሜትር፣ ክሎራይዱ በሊትር 0.8 ሚሊ ግራም፣ የጉድጓዱ 8 ሚሊ ግራም ቢሆን ስርገቱ 150 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ማስጠንቀቂያም አለው። በከተማችን ጊቢ ሁሉ ሽንት ቤት ያለ በመሆኑ ከዚያ የሚሰርገው ጨው የጉድጓዱን ክሎራይድ ከፍ ያደርገዋል፤ ስሌቱም ስርገቱን ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። ናሙናው መወሰድ ያለበት ከላይ፣ ከቤትና ከማዳበሪያ ርቆ ከሚፈልቅ ምንጭ ነው፤ በጥላ ቡና ሥር የሚወጡት ምንጮች ለዚህ ጥሩ ናቸው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ፍሳሽ ከሚያልፍበት በታች ግን አደራ እንዳትቀዳ።

ደረቅ ሴል — ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከርዕሱ ብዙ ሳልርቅ ልጠይቅ። የእኔ ሞዴል በቀድሞው እትም በሞድፍሎው 2005 የተሠራ ሲሆን ኮረብታው ላይ ያሉት ሴሎች ይደርቁና ስሌቱ ወደ መልስ አልደርስም ይላል። ምን ላድርግ?

የኪቶ ተማሪ — ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔም በዚያ አልፌያለሁ። በሞድፍሎው 2005 ሴል ከደረቀ ከስሌቱ ይወጣል፤ መልሶ ለማርጠብ የተበጀው ዘዴም ብዙ ጊዜ ያወዛውዛል። በሞድፍሎው 6 የኒውተን አማራጭን ካበራህ ሴሉ ቢደርቅም በስሌቱ ውስጥ ይቆያል፤ ስርገቱንም ወደ ታችኛው ያስተላልፋል። ከዚያ በፊት ግን መለኪያህን አጣራ። እኔ መጀመሪያ በሰከንድ የተጻፈውን ኮንዳክቲቪቲ በቀን በሚቆጥር ሞዴል ውስጥ አስገብቼው በ86,400 እጥፍ አሳንሼው ነበር፤ ውኃው ከኮረብታው በላይ ሰማይ ላይ ቆመ።

የኪቶ ተማሪ — የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ርዕስ ከከፈትኩ ሦስት ወር አለፈ፤ ሠርቼ ሳልመለስ ብቀር ውለታ መብላት ይሆንብኛል።

በመጀመሪያ የ14ቱን ጉድጓዶች መረጃ እንደገና አጣራሁ። የመስክ ማስታወሻ እንዳሉት የሁለቱ ቀን በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ በአውሮፓ ተነብቦ ተገኘ። ከፍተኛ ስሕተት ያሳዩ የነበሩትም እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ፤ እኔ ግን በእነሱ ምክንያት ኮረብታው ሥር አንድ የማይታይ ስንጥቅ ፈጥሬ ሞዴሉ ውስጥ አስገብቼ ነበር። ስንጥቁን ሰረዝኩት። ስምንት ጉድጓዶችን በሌቭል አገናኘናቸው፤ የአንዱ አፍ ስልኬ ካለው በ11 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ወንዙን ወደ ረግረጉ ከመግባቱ በፊት አራት ጊዜ ለካሁ፤ ታኅሣሥ 5 ቀን በሰከንድ 64 ሊትር፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 52፣ ጥር 18 ቀን 43፣ የካቲት 8 ቀን 35። ከመጀመሪያው በስተቀር ሦስቱ በተዋስነው ከረንት ሜትር (የፍሰት ፍጥነት መለኪያ) የተለኩ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ግን በተንሳፋፊ እንጨት ስለገመትኩት ብዙም አልተማመንበትም። ሆኖም አራቱ በአንድ መስመር ላይ ይሄዳሉ፤ ፍሰቱ በ72 ቀን ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል ማለት ነው።

ሞዴሉን ወር በወር አድርጌ ከእነዚህ ጋር ሳስተያየው 240ው ፈጽሞ አልሄደም፤ የየካቲቱን ፍሰት በጣም አብዝቶ ያሳያል። 120ውም አልበቃም፤ ምክንያቱም ባሕር ዛፉና የሸለቆው ረግረጋማ ሣር ከከርሰ ምድሩ በቀጥታ የሚጠጡት ውኃ ወንዙ ላይ ሳይታይ ይጠፋል። ያንን ሳካትት የሚያስማማው ስርገት በዓመት ከ140 እስከ 180 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚህ በላይ ላጠብበው አልቻልኩም። ከላይኛው ምንጭ የተወሰደው የክሎራይድ ናሙና 155 ሰጠ፤ ዝናቡን የሰበሰብኩት ግን በሁለት ወር ብቻ ስለሆነ ድጋፍ እንጂ ማስረጃ አላደርገውም።

አማካይ ስሕተቱ አሁን 3.6 ሜትር ነው፤ ከድሮው ብሷል። አማካሪዬ ግን አሁን ነው የጨበጡልኝ።

የወረዳ ውኃ — የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። አሁን የእኔ ተራ ነው። በዚያው ተፋሰስ ውስጥ ከኮረብታው ግርጌ በላይ በሰከንድ 5 ሊትር በቀን 16 ሰዓት የሚስብ ጉድጓድ ለመቆፈር ታስቧል። ከታቹ 400 ሜትር ላይ ሕዝቡ የሚጠጣው ምንጭ አለ። ምንጩ ይደርቃል ወይስ አይደርቅም? 140 ይሁን 180 ለእኔ ለውጥ ያመጣል?

አሮጌ ባዛልት — የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የወረዳው ወንድማችን የጠየቁት የሁሉ ጥያቄ ነው፤ ኅዳር ላይ ሞዴል ምን ይረባኛል ያሉትም እሳቸው ነበሩ።

በሰከንድ 5 ሊትር ለ16 ሰዓት በቀን 288 ሜትር ኪዩብ ነው፤ በዓመት 105,120። ይህ ውኃ ከየትም አይፈጠርም፤ ወደ ምንጩ፣ ወደ ወንዙ ወይም ወደ ባሕር ዛፉ ይሄድ ከነበረው የሚነጠቅ ነው። ስርገቱ 140 ከሆነ ጉድጓዱ የሶስት ሩብ ካሬ ኪሎ ሜትር ውኃ ይወስዳል፤ 180 ከሆነ ከ0.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ይበቃዋል። ከዚህም ሌላ፣ ሁለቱ ሞዴሎች ያለ ፓምፕ አንድ ዓይነት ከፍታ የሚያሳዩት ኮንዳክቲቪቲያቸው ከስርገታቸው ጋር አብሮ ስለተቀየረ ነው፤ ፓምፑ ሲነሣ ግን ዝቅተኛው (የ140ው) ሞዴል ውስጥ ውኃው ከጉድጓዱ ዙሪያ የበለጠ ይወርዳል። ዛሬን እኩል ያሳዩ ሁለት ሞዴሎች ነገን እኩል አያሳዩም። ተማሪው በሁለቱም ጫፍ ያስኪደው፤ ምንጩ ያለበትን አካባቢ ግን በ100 ሜትር ሴል እንዳይተወው። ሞድፍሎው 6 በአንድ ቦታ ብቻ ሴሎቹን ማሳነስ ይፈቅዳል፤ ወደ 12 ሜትር ተኩል ያውርደው።

የኪቶ ተማሪ — የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስኬድኩት። በ180ው ሞዴል ምንጩ ከአምስት ዓመት ፓምፕ በኋላም በየካቲት ከአሁኑ ፍሰቱ ከግማሽ በላይ ይዞ ይቆያል። በ140ው ግን ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የካቲትና መጋቢት ላይ ይደርቃል። ፓምፑን ወደ 8 ሰዓት ባወርደው በሁለቱም ሞዴል አይደርቅም። ስለዚህ ለክቡርነትዎ ልሰጥ የምችለው መልስ በ8 ሰዓት ጀምሩ፣ ምንጩንም እየለካችሁ ጨምሩ የሚል ነው። የምንጩን የዛሬ ፍሰት በሃያ ሊትር ጀሪካን ለክቼዋለሁ፤ በ25 ሰከንድ ይሞላል፤ በሰከንድ 0.8 ሊትር መሆኑ ነው።

የወረዳ ውኃ — የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ለኃላፊዎቼ ማስረዳት እችላለሁ። ከምንጩ አጠገብ ያለው የውኃ ኮሚቴ ጸሐፊ በየሳምንቱ በስልኩ ሰዓት እየያዘ እንዲመዘግብ ተስማምተናል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ከጎኑ «ዓ.ም.» ብሎ እንዲጨምር ነግሬዋለሁ።

የመስክ ማስታወሻ — የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ፤ ያ ቢጫ ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል። አንድ ጊዜ ባዶውንም ሙሉውንም በሚዛን አስቀምጡትና ትክክለኛውን ሊትር በላዩ ላይ በቀለም ጻፉበት፤ ጸሐፊውም ሁልጊዜ በዚያው ጀሪካን ብቻ ይለካ።